ሦስት መቶ አሥር የተባለው ጎሽ

ታኅሣሥ ነበር። ዲዴሳ ሸለቆ ውስጥ ሣሩ ደርቆ ቆሟል፤ እሳት ገና አልነካውም። ይህን የማስቀድመው ወሬ ለማሳመር አይደለም። በዚያ ወር ጎሽ ፍለጋ ሣር ውስጥ የሚገባ ሰው ወይ አላዋቂ ነው፣ ወይ አለቃው ያዘዘው ነው። ሣሩ ከረጅም ሰው በላይ ነው። እጃችሁን ብትዘረጉ የጣታችሁ ጫፍ ይጠፋባችኋል። መዥገሩ በየሰበዙ ጫፍ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል፤ እኔ ከዚያ ስወጣ ከብብቴ ሥር ብቻ አሥራ ሰባት ለቅሜያለሁ። የሚያውቅ አዳኝ ጥር እስኪገባ፣ ሣሩ እስኪቃጠል ይጠብቃል። እኛ አልጠበቅንም።

ትናንት እናንተ አዲሶቹ የቅየሳ ሠልጣኞች የዕቃ ዝርዝር ይዛችሁ ስትጨቃጨቁ ሰማሁ። «ለአውሬ መከላከሉ የትኛው ርቀት መለኪያ ይሻላል? ሌዘሩ ነው መነጽሩ?» ስትባባሉ አንዳችሁ «እት ኦብሴን እንጠይቃት፣ እሷ ጎሽ ገድላለች» አለ። እሺ፣ እነግራችኋለሁ። ግን የጀግና ወሬ የጠበቀ ካለ ከአሁኑ ይነሳ። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል።

አራት ነበርን። አንደኛው ኤሱማዬ፣ የእናቴ ወንድም ኦቦ ዲንሳ ናቸው። በእኛ አገር ኤሱማ ማለት ምን እንደሆነ የኦሮሞ ልጆች ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ከአባት የማያንስ ሰው ነው ብላችሁ ያዙት። ከዲጋ ወረድ ብሎ እሳቸው ቤት ነው ያደግሁት። ዱካ ማንበብ ከፊደል በፊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ የጥበቃ አባል ስለነበሩ አሮጌ ቤልጅግ ጠመንጃቸውን አልቀሟቸውም።

ሁለተኛው ጓድ ታደለ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ። ፊቱ ቆሜ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን እሱ ስለው አትደንግጡ። ከመሐል አገር መጥቶ ነቀምቴ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ከኦሮምኛ ከአፉ የምትወጣው «አካም» ብቻ ናት፤ እሷንም ለሰላምታ ሳይሆን ለቀልድ ነበር የሚጠቀምባት።

ሦስተኛው አሥር አለቃ ግርማ ነው። ጎጃሜ ነው፤ ጠይም፣ ቀጭን፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ። ከጦር ሰፈር ሌዘሩን ተሸክሞ በትእዛዝ የመጣ ሰው ነው። አራተኛዋ እኔ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቅየሳ የገባሁ፣ የብረት ሜትር ስጎትት የምውል፣ የሚሊሺያ ሥልጠና የወሰድሁ፣ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ልንገራችሁ፤ የጠየቃችሁት እሱን ነውና።

ከዲጋ በታች አንድ ብቸኛ ኮርማ ጎሽ ማሽላ እየገባ አስቸገረ፤ እንጨት ለቀማ የወጣች ሴት ወግቶም ገደለ። ለመሥሪያ ቤታችን «አውሬውን አስወግዱ፣ ለወደፊቱም የሚያገለግል ርቀት መለኪያ ምረጡ» የሚል ደብዳቤ ደረሰ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! ጓድ ታደለ ደስ አለው። ነቀምቴ ከተማ፣ በከኒሳ ቀሴ ሜዳ ላይ ጠረጴዛ አስወጣ፣ ቀይ ጨርቅ አለበሰው፤ ሦስት ዕቃ ተደረደረበት።

አንደኛው ከገበያው ባለሱቅ ከሸምሱ የመጣ፣ ውስጡ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት የእጅ መነጽር ነው። ሁለተኛው የእኛው የቅየሳ መነጽር ነው፣ በሦስት እግሩ የቆመ። ሦስተኛው ሌዘሩ። አረንጓዴ፣ ከባድ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፤ ቁልፉን ስትጫኑት እንደ ትንኝ ሲር ይልና በትንሿ መስኮት ቀይ ቁጥር ይወጣል። ከወዳጅ አገር የመጣ ነው ተባለ። ምርጫው እዚያው አለቀ፤ የቀረው ሙከራ ለማስመሰል ነው።

ሌዘሩ ከሜዳው ማዶ ርቆ ያለውን የውሃ ጋን ለካ። ስድስት መቶ አርባ። እኔ በመነጽሬም በብረት ሜትሬም ለካሁ፤ አንድ ክንድ እንኳ አልተሳሳተም። ተጨበጨበ። ሸምሱ መነጽሩን በጨርቅ እየጠቀለለ «እኔማ ባትሪ የማይፈልግ ነው ያመጣሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ሰው ሳቀ።

እኔ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። ሌዘሩን አንስቼ ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ጎል ቋሚ አነጣጠርሁ። መቶ ሜትር መሆኑን ራሴ ነኝ የለካሁት። ጫንሁት። ከጎሉ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ቁጥር ሰጠኝ። እንደገና ጫንሁ። ያው የቤቱን ነው። ቋሚው እዚያ ቆሞ ሳለ ለመሣሪያው ግን የለም።

«አሥር አለቃ፣ ምን ሆኖ ነው?» አልሁት።

«አይ እቴ፣ ምንም አልሆነም። ከመቶ አምሳ ሜትር ወዲህ ያለውን አያይም። የተሠራ ለታንክ ነው። ታንክ መቶ ሜትር ላይ ከደረሰብሽ ምን ትለኪያለሽ? ትሮጫለሽ እንጂ!»

ሄጄ ለጓድ ታደለ ነገርሁት። «ጓድ፣ ቅርቡን አያይም።»

«ለቅርቡ ዓይን ተፈጥሮልሽ የለም እንዴ ጓዲት?» አለ ጮክ ብሎ። ሁሉም ሳቁ። አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤውን ጻፍሁ፤ «በሁሉም ርቀት አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ። ፈረምሁም። ትፍ!

ወደ ሸለቆው ከመውረዳችን በፊት ዲጋ ኤሱማዬ ቤት ገባን። ኤሱማዬ ለጓድ ታደለ በትሕትና ነገሩት፤ እኔ አስተረጎምሁ። ሣሩ እስኪቃጠል ሦስት ሳምንት ቢታገሥ፣ ጎሹ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ጥይትም አይባክንም፣ ሰውም አይጎዳም።

«ሪፖርቱ በዚህ ወር ነው የሚገባው» አለ ጓድ ታደለ። «ደግሞ አባት፣ ድሮ በዓይን ነበር የምታድኑት። አሁን ሳይንስ ይዘናል።»

የኤሱማዬ ሚስት አዴ ሶሬ በር ላይ እጄን ያዘችኝ። አጥብቃ ያዘችኝ። «እኚህ ሽማግሌ እንቢ ማለት አያውቁም፤ ፊት ሂዱ ካሏቸው ይሄዳሉ። ሰውዬው ደግሞ የእኔን አፍ አይሰማም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንቺን ይሰማሻል። አደራ፣ በእግራቸው መልሺልኝ።»

«እሺ» አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ንጋት ላይ ወረድን። ኤሱማዬ ፊት፣ እኔ ቀጥሎ፣ ጓድ ታደለ ከአንድ የድሮ ባላባት የተወረሰ ምንሽር ጠመንጃ ይዞ፣ ግርማ ሌዘሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ። ኤሱማዬ ከመነሳታችን በፊት ቆባቸውን አውልቀው ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። ጸሎት ቤቱን መንግሥት ካሸገው ወዲህ ሲጸልዩ ድምፅ አያወጡም።

ዱካውን ያገኘነው ከማሽላው ጠርዝ ነው። ኮቴውን ሁለቱ መዳፎቼ አንድ ላይ ቢገጠሙም አይሸፍኑትም። የቀኝ የፊት እግሩ ውጪ ውጪውን ይረግጣል። ሽማግሌ ኮርማ ነው፤ ከመንጋው የተባረረ፣ ቂመኛ። ትንሽ ወረድ ብሎ እበቱ ተገኘ፤ አረንጓዴ፣ እንደ ገንፎ የተደፋ፣ ዝንብ ገና መሰብሰብ የጀመረው። ኤሱማዬ ጣታቸውን እስከ አንጓው ሰደዱት። ለብ ያለ ነው። ጓድ ታደለ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ዘወር አለ። እኔ ዛሬ የምጸየፈው ግን ያን እበት አይደለም።

ኤሱማዬ ከጉያቸው አመድ የያዘች ከረጢት አውጥተው ቆንጠር አድርገው ለቀቁ። አመዱ ወደ ፊታችን መጣ። ነፋሱ ለእኛ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ሄድን። ከዚያ መሬቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ደረስንና ኤሱማዬ በእጃቸው አስቀመጡን። ከፊታችን ደረቅ ጅረት አለ፤ ከጅረቱ ማዶ ሣሩ ሳስቶ እንደ በር ተከፍቷል። ጎሹ በሩ ውስጥ ቆሟል። ከኋላው ርቆ ቀይ የአፈር ገደል ይታያል።

እናንተ፣ ጎሽ ጥቁር ነው ይባላል እንጂ ጥቁር አይደለም። ጭቃ ነው። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቆበታል፤ ጀርባው ላይ ጠጉር የለም፤ አንዱ ጆሮው ተተልትሎ ተንጠልጥሏል። የዓይኑ ጥግ ያነባል፣ ያነባበት ላይ ዝንብ ያንዣብባል። ዝንቡ ሲነሳና ሲቀመጥ አየዋለሁ።

ጓድ ታደለ በሹክሹክታ «ስንት ይሆናል?» አለ።

«ዲዮ ዳ» አሉ ኤሱማዬ። ቅርብ ነው።

ጓድ ታደለ ፈገግ አለ። «ለገበሬ ምን ያልቀረበ አለ?»

እዚህ ላይ ልፍረድለት። ውሸቱን አይደለም። በአገራችን መንገደኛ እንዳይከፋው ሩቁን ቅርብ ይሉታል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የሚያስኬድ መንገድ እየቀረህ «እዚህችው ናት፣ ዲዮ ዳ» ይሉሃል። ጓድ ታደለ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል እግሩ ነድዷል። «ዲዮ» ሲባል ራቅ አድርጎ መገመት ለምዷል። ለመንገደኛ የሚባለው ዲዮ ደግነት ነው፤ አዳኝ ለአዳኝ የሚለው ዲዮ ግን ልክ ነው። ይህን የሚለይ ጆሮ አልነበረውም፤ እኔ ግን ነበረኝ።

ሌዘሩን ከግርማ አንገት አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ሲር አለ።

«ሦስት መቶ አሥር» አለ። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። «ሦስት መቶ አሥር ሜትር! ጓዲት ኦብሴ፣ ቀያሽ ነሽ። ትክክል ነው አይደል?»

ሦስት መቶ አሥር የገደሉ ነው። ሦስት መቶ አሥር ላይ ያለ ጎሽ ዓይን ላይ ዝንብ አይታይም። ጎሹ ያለበት ከመቶ አያልፍም። ይህን ሳስብ አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም፤ ዘወትር ስለካ የምውል ሰው ነኝ። ግርማን አየሁት። ግርማ ጫማውን ያያል። ኤሱማዬን አየሁ። ኤሱማዬ እኔን ያያሉ።

«አዎ ጓድ» አልሁ።

ለምን እንዳትሉኝ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። አንዴ ስቀውብኝ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳይስቁብኝም ፈራሁ፤ «መሣሪያውን የምታጣጥል» የምትባል ነገር በዚያ ዘመን የት እንደምታደርስም ፈራሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሲደማመር ግን ያው ፍርሃት ነው።

«ሚቲ…» አሉ ኤሱማዬ ቀስ ብለው። አይደለም ማለታቸው ነው።

«ዝም በል ሽማግሌ፣ ታስበረግገዋለህ» አለ ጓድ ታደለ፤ የምንሽሩን ማነጣጠሪያ ሦስት መቶ ላይ ገፋው። የጎሹ ትከሻ ላይ አነጣጠረ። ተኮሰ።

ለሦስት መቶ የተቀመጠ ማነጣጠሪያ ቅርብ ላይ ጥይቱን ሽቅብ ይወስደዋል። ትከሻው ላይ የታሰበው ጥይት ከአንድ ስንዝር በላይ ወጥቶ ከማጅራቱ ወረድ ብሎ ጉብ ያለውን ሥጋ በሳው። ቀይ ነገር ብን ሲል አየሁ። ጎሹ አንዴ አጉረመረመ፣ ተንበረከከ ስንል ተነሳ፣ ሣሩ ዋጠው።

«መታሁት!» ብሎ ዘለለ ጓድ ታደለ። እውነቱን ነው፤ መትቶታል።

ኤሱማዬ መሬት ላይ ተቀመጡ። የቆሰለ ጎሽ ጊዜ ይሰጡታል፤ ደሙ እስኪፈስ፣ እስኪደክም። ግን ከበታቻችን፣ ከሸለቆው ወገብ፣ የማሽላ አጫጆች ዘፈን መጣ። ሴቶች ይበዙበታል። ጎሹ የሄደው ወደዚያው ነው። ኤሱማዬ ዘፈኑን ሰምተው ተነሱ፤ ልብሳቸውን አራገፉ፤ ቤልጅጋቸውን አቀባበሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ቅሪ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። አልቀረሁም። ግርማ «ሁለት ጠመንጃ ይግባ» ብሎ ምንሽሩን ከጓድ ታደለ ጠየቀ።

«ጠመንጃው ከኔ ጋር ይቆያል» አለ ጓድ ታደለ። «አንተም እዚሁ ሁን፣ ባትሪውን ታያለህ። እኔ ከላይ ሆኜ በመሣሪያው እመራቸዋለሁ።»

ገባን።

ደሙ መሬት ላይ አይደለም፤ ሣሩ ላይ ነው። ከደረቴ ከፍታ ጀምሮ የግራና የቀኙ ሰበዝ ተለቅልቋል። ፊቴን ይቀባኛል፣ ከንፈሬ ውስጥ ይገባል፤ ጨው ጨው፣ ብረት ብረት ይላል። ኤሱማዬ ቆም ብለው ደሙን ከመሬት በስንዝር ለኩ። የደሙ ከፍታ ቁስሉ ጀርባው አካባቢ እንደሆነ ነገራቸው፤ ሳንባ የለበትም፣ ልብ የለበትም። ዞረው አዩኝ። እውነቱን አልነገርኋቸውም። ያኔ እንኳ ብናገር ይመለሱ ነበር ብዬ ስንት ቀን አስቤያለሁ። ሴቶቹ ከታች እየዘፈኑ አይመለሱም ነበር። ቢሆንም።

የቆሰለ ጎሽ ፊት ፊት አይሸሽም። ይሄድ ይሄድና ዞሮ የራሱን ዱካ ጎን ለጎን ይዞ ይተኛል፤ ተከታዩ ሲያልፍ ይነሳል። ኤሱማዬ ይህን ስለሚያውቁ ሦስት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ይሰማሉ፤ ሦስት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ። ሽታው መጣ። የበረት ሽታ አይደለም፤ የረጋ ውሃ፣ የሽንትና የትኩስ ቁስል ሽታ ነው። እጃቸውን አነሱ። አትንቀሳቀሺ ማለት ነው። አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበሩ፤ አንድ ነገር ሰምተዋል፣ ለማረጋገጥ ጸጥታ ይፈልጋሉ።

ያን ጊዜ ከላይ ድምፅ መጣ።

«ሦስት መቶ አሥር! በቀኝ! ሦስት መቶ ሃያ! ይታየኛል፣ በቀኝ!»

ገደሉን ነበር የሚለካው። ሣር ሲነቃነቅ ያያል፣ ይጫናል፣ ገደሉ መልስ ይሰጠዋል። ጩኸቱ ሸለቆው ውስጥ ያስተጋባል፤ በሱ መሐል የሣሩን መሰበር ማን ይሰማል?

በግራ መጣ።

ሣሩ ተከፈተ፤ ግንባር ብቻ አየሁ፤ ሁለት ቀንድ መሐሉ ላይ እንደ ድንጋይ የገጠመበት። ኤሱማዬ ዞረው ተኮሱ። ጥይቱ ቀንዱ ሥር ቋ ብሎ ነጠረ። ከዚያ ኤሱማዬ መሬት ላይ አልነበሩም። ጎናቸውን ይዞ አነሳቸው፤ እንደ ነዶ ወረወራቸው፤ ሲወድቁ ደግሞ በግንባሩ መሬት ላይ ደፈጠጣቸው። ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ እንጨት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት።

ቤልጅጉ እግሬ ሥር ወድቋል። አንስቼ አቀባበልሁ፤ እጄ በደም ስለተለቀለቀ አንዴ አዳለጠኝ። ጎሹ አላየኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ሥራው ላይ ነው፣ ለሀጩ ኤሱማዬ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። አራት እርምጃ። መለካት አላስፈለገኝም። ከተተለተለው ጆሮው ሥር አፈሙዙን አቅንቼ ቃታ ሳብሁ።

ከላይ «ሦስት መቶ አሥር!» ይላል አሁንም።

ጎሹ በጎኑ ኤሱማዬ እግር ላይ ተደፋ። የወደቀ ጎሽ ወዲያው ጸጥ አይልም። ይተነፍሳል፣ አንጀቱ ይጮኻል፣ እበቱን ይለቃል። በዚያ ሁሉ ውስጥ ተንበርክኬ ጎተትሁ። ብቻዬን አልቻልሁም። ሣሩን ሰንጥቆ የመጣው ግርማ ነው፤ ትእዛዙን ጥሶ፣ ባዶ እጁን። እየጎተተ ያለቅስ ነበር። «ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ» ይላል። ነግሮኝ ነበር።

አጫጆቹ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰጡ፤ ወንዶቹ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ማሰር ጀመሩ። ሌሎቹ ደግሞ ቢላቸውን ከወገባቸው አወጡ። ኤሱማዬ መሬት ላይ እያቃሰቱ፣ ከአጠገባቸው የጎሹ ሆድ ተዘርግፎ ሥጋ ይከፋፈላል። አልፈርድባቸውም፤ ያ ጎሽ ማሽላቸውን በልቷል። ግን አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

ቃሬዛው ሲታሰር እኔ የብረት ሜትሬን አውጥቼ አንዱን ጫፍ ለግርማ ሰጠሁትና ጓድ ታደለ ወደ ተኮሰበት ቦታ ሄድን። ከወደቀው ቀለህ እስከ መጀመሪያው የደም ጠብታ ለካን። ዘጠና ስድስት ሜትር።

ጓድ ታደለ ወርዶ አንድ እግሩን ቀንዱ ላይ አድርጎ ቆሟል። «ካሜራ ቢኖር» ይላል።

አሁን የባሰውን ስሙ። በእኛ አዳኞች ሕግ ግዳዩ የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰው ነው። የጨረሰው ሳይሆን መጀመሪያ ያቆሰለው። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ሬሳ እንዳይጣላ የተሠራ ነው። ቃሬዛውን ይዘን መንደሩ ስንደርስ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ቅቤው በቅል ተዘጋጅቷል። ኤሱማዬን የተሸከሙት ሰዎች አረፍ አሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ቃሬዛው ላይ ጎንበስ ብሎ «ዲንሳ፣ የመጀመሪያው ደም የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

አፋቸው ዳር ደም ደርቋል። ይዋሻሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዋሹ፣ ዋሹ፣ ስለ ፈጣሪ ዋሹ አልሁ በሆዴ።

«የጓዱ ነው» አሉ።

እልልታ ሆነ። የጓድ ታደለን ቆብ አውልቀው ቅቤ አናቱ ላይ ጣሉበት። ፀሐዩ አቀለጠው፤ በጆሮው ዙሪያ፣ በአንገቱ፣ ወደ ካኪ ኮሌታው ወረደ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። ያ ቅቤ ሲወርድ ሳይ ዋርካው ጀርባ ሄጄ አስመለስሁ። ተመልሼ መሐል ገባሁና «ዘጠና ስድስት ሜትር ነው!» ብዬ ጮኽሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ጮኽሁ። ሰው ዘወር ብሎ አየኝ፤ ለዚያ ሕዝብ ዘጠና ስድስት ማለት ምንድን ነው?

«ጓዲት ደክሟታል፣ ውሃ ስጧት» አለ ጓድ ታደለ።

ሪፖርቱ በወሩ ገባ። መሣሪያው ተመረጠ፤ የምርጫው ማስረጃ ሆኖ የተያያዘው የእኔ ቃለ ጉባኤ ነው። እናንተ ትናንት ዝርዝሩ ላይ ጣታችሁን የጫናችሁበትም ያው ሌዘር ነው። ስለዚህ መልሴ ይኸውላችሁ። ማንም ሻጭ፣ ማንም አለቃ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ የሚነግራችሁ እስከ የት ድረስ እንደሚያይ ነው። እናንተ ከየት ጀምሮ እንደሚያይ ጠይቁት። ካልነገራችሁ አንድ ሰው ሃምሳ እርምጃ ላይ አቁሙና ለኩት፤ ሰውየው ከጠፋ ዕቃውን መልሱ። አደን የሚጠይቀው ቅርቡን ነው። ለጎሽ ያ የሸምሱ መነጽር ይሻል ነበር።

ይህ ስለ መሣሪያው ነው። የቀረው ስለ መሣሪያ አይደለም።

ኤሱማዬ አልሞቱም። አራት ጎድናቸውና አንድ ዳሌያቸው ተሰብሯል። በሦስተኛው ቀን ነቀምቴ ሆስፒታል ገብቼ አልጋቸው ጠርዝ ተቀመጥሁ። አዴ ሶሬ ሾርባ ልታመጣ ወጥታለች። ኤሱማዬ ጣሪያውን እያዩ፦

«ስንት ነበር?» አሉኝ።

«ዘጠና ስድስት።»

«ከለካሽ በኋላ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ጓድ ታደለም፣ ኮሚቴውም፣ አዴ ሶሬም። አዎ ብል ያልቅ ነበር። ያምኑኝ ነበር።

«አይደለም» አልሁ። «ሲጠይቀኝም አውቅ ነበር።»

ቀስ ብለው፣ ጎድናቸው እያመማቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲያው የወጋኝ ጎሹ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አልነኩም፤ ዳሌያቸው አይፈቅድም። ዲጋ ስሄድ በዱላ እየተደገፉ ደጅ ድረስ ወጥተው ይቀበሉኛል፤ ይስሙኛል፤ ስለ ማሽላው፣ ስለ ከብቱ ያወሩኛል። ስለ አደንና ስለ ዱካ ግን አንድ ቃል አያነሱልኝም። ከፊደል በፊት ያስተማሩኝን ትምህርት መልሰው ወስደውታል።

እኔም ዝም ማለት ተሳነኝ። ስብሰባ ላይ ቁጥር ሲጠሩ ስሕተት ከሆነ አፌ ከኔ ቀድሞ ይከፈታል። ሁለት ጊዜ በዚህ ተዛውሬያለሁ፤ ወደዚህ ወደ ኡኬ፣ እናንተ ዘንድ ያደረሰኝም ይኸው ነው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን ከንፈሬ ውስጥ የገባው ደም አለ፤ ዝም ልል ባልሁ ቁጥር ጣዕሙ አፌ ላይ ይመጣል።